የተናኜ ሁለተኛ አቤቱታ

ተናኜ የገዛ ድምፅዋን በድምፅ ማጉያ ስትሰማ ከቴል አቪቭ በስተሰሜን ባለችው ናታኒያ ከተማ ውስጥ አንድ አዳራሽ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከልጇ ከይርገዱ ጎን ተቀምጣ ነበር። ጊዜው በፈረንጆች 1996 ነው፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ከመጣች አምስት ዓመት ሆኗታል። ዶራ ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ራማት ፖሌግ እየሄደች የሰው ቤት ታጸዳለች። ይርገዱ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ነርስነት ትማራለች።

ከዓመት በፊት አቪራም የሚባል የተውኔት አዘጋጅ የሰፈሩ ሰው ወደሚሰበሰብበት ማትናስ መጥቶ ሴቶቹን ስለ ጉዟቸው ጠይቆ ነበር። መቅረጫ ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ያዳምጣል፤ አማርኛ ስለማያውቅ አንድ ሰው ባጭሩ ያስተረጉምለታል። ተናኜ ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገር ያን ቀን ተናገረች፦ አዲስ አበባ ተራቸውን ሲጠብቁ ውበቱ የሚባለውን የሦስት ዓመት ልጇን ኩፍኝ እንደያዘው፣ ሦስት ሌሊት አቅፋው እንዳደረች፣ በአራተኛው ቀን በድኑን ከእቅፏ እንደወሰዱት፣ አውሮፕላኑ የመጣው ልጁ ከተቀበረ ከወር በኋላ እንደሆነ። አቪራም እየሰማ አለቀሰ። ስለዚህም ክፉ ይሠራል ብላ አልጠረጠረችም።

መድረኩ ላይ ግን የእሷ ድምፅ በአማርኛ ሲሰማ አንዲት ተዋናይ ከላዩ ላይ በዕብራይስጥ ትናገር ነበር። የምትለው ሌላ ነው። ልጄ ታመመብኝ፣ ለጎረቤት ሰጥቼው አውሮፕላኑ ላይ ወጣሁ ትላለች። አማርኛ የማያውቀው ተመልካች የእናቲቱን ሲቃ እየሰማ የተዋናይቱን ቃል አመነ። ተናኜ ጭብጨባው እስኪያልቅ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ከልጇ ጋር ወጣች።

በማግስቱ አቪራምን ማትናሱ በር ላይ አገኘችውና በተሰባበረ ዕብራይስጧ ድምፄን አውጣልኝ አለችው። እሱም በትሕትና ነበር የመለሰላት። ይኼ ተውኔት ነው እንጂ ታሪክ አይደለም፣ ሴትዮዋም አንቺ አይደለሽም፣ ስምሽ አልተጠራም አላት። ገና አሥር ትርኢት እንደሚቀር፣ ያለዚያ ድምፅ ደግሞ ትዕይንቱ ባዶ እንደሚሆን ነገራት።

ቤት ስትገባ ልጇን ጠየቀቻት። "ከዚህ ሰውዬ በላይ ማን አለ?"

ይርገዱ የትርኢቱን ወረቀት ገለበጠች። ጀርባው ላይ በአንድ የባህል ኬረን ድጋፍ የተሠራ ይላል። ኬረኑ ከመንግሥት በጀት ለቲያትርና ለሙዚቃ ድጎማ የሚሰጥ ድርጅት ነው። ስለዚህ ለኬረኑ ጻፉ። ተውኔቱ ውሸት እንደሆነ፣ የመጡበትን ሕዝብ እንደሚያዋርድ፣ ድምፅዋም ሳትፈቅድ እንደገባ ሁሉንም ባንድ ገጽ አደባልቀው ጻፉ። ከብዙ ሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ ኬረኑ በሥራዎች ይዘት እጁን አያስገባም፤ ከያኒው የመሰለውን የመናገር ነጻነት አለው።

"በቃ ኢማ፣ አለቀ" አለቻት ይርገዱ እናቷን።

"እስከ ታች አንብቢልኝ።"

ከታች በደቃቅ ፊደል አንድ መስመር ነበረች። ድጎማ የተቀበለ ሰው በውሉ የገባውን ግዴታ ካልፈጸመ ግን ጉዳዩ ይመረመራል ትላለች። ተናኜ ያችን መስመር ሁለቴ አስነበበቻት።

"እሱ ምን ብሎ ነው የፈረመው?" አለች።

በሳምንቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ ልጇን አስከትላ በአውቶቡስ ቴል አቪቭ ወረደች። ኬረኑ ቢሮ አቤቱታ የምትቀበለው ሴት ሐጊት ትባላለች፤ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ንግግሯ የቸኮለ ሴት ናት። መጀመሪያ ተውኔቱን ለማዘጋት የመጡ መስሏት ያንኑ የደብዳቤውን መልስ ደገመችላቸው። ተናኜ በልጇ በኩል ይዘጋ አላልኩም አለቻት፤ የጠየቅኩት ሰውዬው የገባውን ቃል ነው። ሐጊት መነጽሯን አወለቀች። የአቪራምን ፋይል ማሳየት እንደማትችል፣ ያልተሞላውን የውል ቅጽ ግን ማንም ሰው ማየት እንደሚችል ነገረቻቸውና ከመሳቢያ አወጣችው። በሕይወት ካለ ሰው ቃል ወይም ድምፅ የሚወስድ ሁሉ ለምን እንደሚያውለው አስረድቶ፣ ባለቤቱን በፊርማ ማስፈቀድ አለበት ይላል።

"ፈርመሽለታል?" አለች ሐጊት።

"ስሜን መጻፍ የተማርኩት በአርባ ዓመቴ፣ እዚህ ኡልፓን፣ የዕብራይስጥ መማሪያው ገብቼ ነው። ፊርማዬን የት የት እንዳኖርኩት አንድ ባንድ አውቀዋለሁ። ለድምፄ አልፈረምኩም።"

ሐጊት እንግዲያው አዲስ አቤቱታ ጻፉ አለቻቸው። ያቺኑ ነገር ብቻ፤ ተውኔቱ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚል ቃል ከገባበት ኮሚቴው እንደ ፊተኛው ይመልሰዋል። ደግሞም ስም የሌለው አቤቱታ አይታይም፤ ወረቀቱ ከነስሟ ለአቪራም ይደርሳል፣ እሱም መልስ የመስጠት መብት አለው። ካስፈራት አስባበት ትመለስ።

"ስሜን ይየው" አለች ተናኜ።

ወሬው ዶራ ሲደርስ የማኅበራቸው የሃይማኖት መሪ ቄስ ይልማ አርባ ፊርማ ይዘው ቤቷ መጡ። ተውኔቱ ከነጭራሹ እንዲታገድ የሚጠይቅ ወረቀት ነው፤ የእሷ ስም ከላይ እንዲሆን ፈለጉ። ተናኜ እጃቸውን ስማ አስቀመጠቻቸው፤ ወረቀቱን ግን አልተቀበለችም።

"ያዋረደው ሁላችንን ነው፤ አንቺ ለብቻሽ ትሟገቻለሽ?" አሏት።

"አባቴ፣ ይኼ ወረቀት ከገባ የኔም አብሮ ይወድቃል። እነሱ የሚሰሙት አንድ ነገር ነው፤ እሱን ይዣለሁ።"

ቄሱ ተቀይመው ወጡ። ማኅበር ላይ ሲያገኟት ፊታቸውን ማዞር ጀመሩ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። ያ ከአቪራም ይልቅ ጎዳት። ያስገባችውን አዲሱን አቤቱታ ግን መልሳ አልወሰደችም።

የአቪራም መልስ ሲመጣ የተናኜ ፊርማ ያለበት ቅጂ ተያይዞበታል። ይርገዱ ስታየው ደነገጠች። ተናኜ ወረቀቱን ወደ መስኮት አስጠግታ አየችውና ፊርማው የእሷ መሆኑን አመነች። ከላይ የተጻፈውን አንብቢ አለቻት። የማትናሱ የዚያ ቀን የተገኙ ሰዎች ዝርዝር ነበር፤ ስለ ድምፅ አንዲት ቃል የለበትም።

ኮሚቴው ሁለቱንም ጠራ። ይርገዱ ልጇ ስለሆነች እንድታስተረጉም አልተፈቀደላትም፤ ኬረኑ ቃኘው የሚባል አስተርጓሚ አመጣ። አቪራም የመገኘት ፊርማው ለሁሉም የሚበቃ መስሎት እንደነበር አስረዳ። ከዚያ ቴፑን ከፈቱት። ቃኘው እየሰማ ወደ ዕብራይስጥ መለሰ፤ ሦስት ሌሊት አቅፌው አደርኩ ከሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ውሃ ጠጣና ቀጠለ። አቪራም የሴትዮዋን ቃል እንዲህ ሙሉውን ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር፤ በፊት አንድ ሰው ባጭሩ ነግሮት፣ የቀረውን ራሱ ሞልቶታል። አንገቱን ደፋ።

ውሳኔው አጭር ነበር። ተውኔቱ ምን ይበል የሚለውን ኬረኑ አይወስንም። የግዴታው መፍረስ ግን ተረጋግጧል፤ የድምፁ ባለቤት በፊርማ እስክትፈቅድ ወይም ድምፁ እስኪወጣ ድረስ ድጎማው ሳይከፈል ይቆያል።

አቪራም አሳንሰሩ ተበላሽቶ አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ መጣ። ተናኜ ሻይ ሰጠችው። ዕብራይስጡን አንቺ እንዳልሽው አቃናዋለሁ፣ ድምፁ ብቻ እንዳለ ይሁንልኝ ብሎ ለመናት። ይርገዱ እናቷ እሺ እንድትል ተመኝታ ነበር።

ተናኜ ሻይ ጨመረችለት። "ማቃናቱን አቃናው፤ ደግ ነው" አለችው። "ድምፄን ግን አልሰጥህም። ላዘነልኝ ሰው ነበር የነገርኩት እንጂ ለአዳራሽ አልነበረም።"

ካሴቱን በሳምንቱ አመጣላት። ተውኔቱ ያለ ድምፅዋ እስከ በጋ ታየ፤ ለጎረቤት ሰጠሁት የሚለውም ወጣ። እሷ ዳግመኛ አልሄደችም። ቄስ ይልማ ዓመት ሳይሞላ ታረቋት።

በተከታዩ ክረምት ከሐጊት ደብዳቤ መጣ። ኬረኑ አቤቱታ እንዴት እንደሚቀርብ የሚያስረዳውን ወረቀት በአማርኛ አስተርጉሞ፣ ለሰው ይገባ እንደሆነ ተናኜ እንድትሰማው ይጠይቃል። ይርገዱ አነበበችላት። "አቤቱታ በጽሑፍ ብቻ ይቀርባል" ከሚለው ላይ ስትደርስ አስቆመቻት።

"መጻፍ የማይችልስ?"

"አይልም፣ ኢማ።"

"እንግዲያው ጻፊላቸው። መጻፍ ያልቻለ ሰው ቀርቦ በቃሉ ይናገር፣ የሚጽፍለት ይኑር በይ። እስከ ፋሲካ መልስ ካልሰጡን ቴል አቪቭ እንወርዳለን።"

ይርገዱ ብዕር አነሣች።