የሎሚ መዋጮ

ይህ ሁሉ አረፋ ከየት መጣ? ዳኘው የዋና ገንዳው ጠርዝ ላይ ተንበርክኮ፣ ውሃ የቀዳበትን ቀጭን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንሥቶ ራሱን ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ። ትናንት ማታ ገንዳው አረንጓዴ ነበር። ዛሬ፣ ጳጉሜ ሦስት ማለዳ፣ አረንጓዴነቱ እንዳለ ሆኖ ላዩ በነጭ አረፋ ተሸፍኗል፤ ነፋስ በነካው ቁጥር አረፋው እየተቆረሰ ጽጌረዳው ላይ ይበተናል። ሶቪየት አገር፣ ኦዴሳ ስድስት ዓመት የውሃ ኬሚስትሪ ሲማር እንዲህ ያለ ነገር አላየም፤ በመጽሐፍም አላነበበም።

ብርጭቆው ውስጥ ሁለት ጠብታ መመርመሪያ ጨመረ። ውሃው ወዲያው ሐምራዊ ሆነ፤ የገንዳ ውሃ እንዲህ መሆን አልነበረበትም።

"አያ ቸኮለ!"

የግቢው ጠባቂ አያ ቸኮለ መኮትኮቻቸውን እንደያዙ ቀስ ብለው መጡ። ቪላውን ያሠራው የመንገድ ተቋራጭ ቤቱ ተወርሶበት ሲሄድ እሳቸው ከገንዳው ጋር ቀሩ። አሁን የሚኖርበት ጓድ ይሄይስ ነው፤ የአውራጃው ኃላፊ ሆኖ ከላይ ተመድቦ ፍኖተ ሰላም ከገባ ሁለት ዓመቱ።

"አቤት ጌታዬ… አቤት ጓድ።"

"እዚህ ውሃ ውስጥ ምን ገባ? እውነቱን ይንገሩኝ።"

"እኔ ምን አውቄ። የተማሩት እርስዎ።"

"አያ ቸኮለ!"

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው አዞሩት። "እንዶድ ነው" አሉ በመጨረሻ። "አንድ ቁና ወቅጬ ጨመርኩበት። የእናቴን ኩታ ዕድሜ ልኳን ያነጣ እንዶድ ይህችን ጉድጓድ ማንጣት ያቅተዋል? ብዬ ነው።"

ዳኘው ሳቁ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው። "ከዚያ በፊትስ?"

"ከዚያ በፊትማ ኖራው ነው። ለመስከረም ሁለቱ በዓል እንግዶች ስለሚመጡ ገንዳው ውስጡ በኖራ ይቀባ ተባለ፤ ቀባን። ውሃው ከተሞላ በኋላ የተረፈውን ሁለት ጆንያ ምን እናድርገው ስንላቸው ጓድ ይሄይስ 'ነጭ አይደለም እንዴ? ጨምሩት' አሉ። ጨመርን።"

ዳኘው ብርጭቆውን ሣሩ ላይ አስቀመጠ። ሳቁ ጠፋ። ኖራ በበዛበት ውሃ ውስጥ ክሎሪን ጉልበት የለውም፤ ቢጨምሩት ቢጨምሩት ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ አይገድልም። ለዚህ ነበር ገንዳው በየማታው ክሎሪን እየጠጣ በየጠዋቱ አረንጓዴ ሆኖ የሚገኘው። ያ ክሎሪን ደግሞ ለመጠጥ ውሃ የተላከ ነው። በሰኔ ወር ሙሉ በርሜል ነበር። አሁን የቀረው አንድ ባልዲ ብቻ ነው፤ እሱም እዚሁ ዕቃ ቤት ተቆልፎበታል። በርሜሉ ከመጋዘን ወጥቶ ወደዚህ ሲመጣ ደግሞ የፈረመው ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሱ ዳኘው ነው። ጓድ ይሄይስ "ለሁለት ቀን ብቻ" ብሎት ነበር። ምን ዓይነት ትምህርት ነው ሰውን እንዲህ ለፊርማ የሚያቀልለው?

በጓሮው በር አንዲት ሴት ገባች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። የጅጋ ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ባንቺአየሁ ናት፤ ከጅጋ ሌሊት ተነሥታ በእግሯ መጥታለች። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሄዳ ዳኘው እዚህ እንዳለ ነግረዋት ነው። አረፋውን አይታ ቆመች።

"ምነው፣ የአገሩን ልብስ ሁሉ እዚህ ልታጥቡ ነው እንዴ?"

"እትዬ ባንቺአየሁ፣ ደኅና አደሩ?"

"ደኅና አላደርንም። ምንጩ ውስጥ ጎርፍ ከገባ ወዲህ ሰው በተቅማጥና በትውከት እየወደቀ ነው። ትናንት ሁለት ልጆች ቀበርን፤ አንዷ የእኅቴ ልጅ ናት። የውሃውን መድኃኒት ስጠን፤ ይኸው ይዤ የምሄድበት ስልቻ።"

"መድኃኒቱ…" ዳኘው ገንዳውን አየ።

እሷም የሚያየውን አየች። "የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ እሰማ ነበር" አለች። "መድኃኒቱን ውሃ እንደጠጣው ግን ዛሬ ገና አየሁ።"

ጓድ ይሄይስ ፊቱን በፎጣ እየጠረገ ከቤት ወጣ። ገንዳውን ሲያይ እጁ ቆመ።

"ዳኘው! ይህ ምንድን ነው?"

"እንዶድና ኖራ ነው፣ ጓድ። ይህ ውሃ መደፋት አለበት።"

"ተደፍቶ በስንት ቀን ይሞላል?"

"በዘጠኝ።"

"አሥረኛው የአብዮት በዓል አራት ቀን ቀረው። የወዳጅ አገር እንግዶች እዚህ ነው የሚያርፉት። ሳይደፋ የሚጠራበትን ንገረኝ።"

"መጀመሪያ ኖራውን የሚሰብር አሲድ ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ እዚህ የለም።"

ጓድ ይሄይስ ጥቂት አሰበ። ፊቱ ፈካ። "ሎሚ አሲድ አይደለም? ስምንተኛ ክፍል ተምረነዋል። ከየገበሬ ማኅበሩ አንድ አንድ ጆንያ ይዋጣ። ዛሬውኑ ደብዳቤ ይጻፍላቸው።"

"ጓድ፣ ለዚህ ሁሉ ውሃ ሎሚ…"

"ከሳይንሱ ትጣላለህ እንዴ? የቀረውን ክሎሪንም ዛሬ ማታ ጨምርበት።"

"ቢጨመር ይባክናል። ጅጋ ልጆች እየሞቱ ነው። ያ ባልዲ ለጅጋ ምንጭ ሁለት ወር ይበቃል።"

"ከጅጋ ሪፖርት አልደረሰኝም።"

"ሪፖርቱ እኔ ነኝ" አለች ባንቺአየሁ።

ጓድ ይሄይስ ገና አሁን ያያት ይመስል ዞረ። "ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ።"

"በምን እንጨት? በነሐሴ ዝናብ የበሰበሰ እንጨት ሽሮ እንኳ አያፈላልን። እርስዎ ለመታጠቢያዎ ያጡትን ጥራት እኛ ለመጠጣችን ከየት እናምጣው?"

"ይህችን ሴት ማን አስገባት?" አለ ጓድ ይሄይስ አያ ቸኮለን እያየ። መልስ ሳይጠብቅ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ተመለሰ። በሩ ላይ ሲደርስ፣ "ማታ ክሎሪኑ ሲጨመር ቆሜ አያለሁ" አለ።

ዳኘው አገሩን ሊያገለግል ከባሕር ማዶ ተመልሶ የአንድ ሰው ገንዳ አጣቢ ሆኖ ቀረ። የተናደደው በጓድ ይሄይስ ብቻ አልነበረም። ለሦስት ወር ያህል የዚህን ውሃ ክሎሪን ሲለካ ቁጥሩን በንጹሕ ወረቀት ላይ ጽፏል፤ ቁጥሩ ለማን እንደሆነ ግን አንድ ቀን አልጠየቀም።

"አያ ቸኮለ፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የት ነው?"

ሽማግሌው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። "ዛሬ ሩፋኤል ነው። ጠበል ልወርድ ነው፤ ውሃ ሁሉ ዛሬ ጠበል ነው አይደል? ከዚህኛው በቀር። ስሄድ ደግሞ ቁልፉን ምስማሩ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ የዕድሜ ልክ ልማዴ ነው። ማን እንደሚያነሣው አላይም።"

"ተጠያቂው እርስዎ ቢሆኑስ?"

"እንዶድ ለጨመረ ጅል ምን ይጨመርበታል?" አሉና ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ።

ባልዲው ከበድ ይላል። ዳኘውና ባንቺአየሁ ጆሮና ጆሮውን ይዘው በጓሮው በር አወጡት። ዋናው መንገድ ላይ እህል ጭኖ ወደ ጅጋ የሚሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና አስቆሙ። ባንቺአየሁ ከባልዲው ጋር ተሳፈረች።

"በየማለዳው አንድ የቡና ስኒ ነው የሚጨመረው። ዛሬ ግን እኔ ራሴ መጥቼ ምንጩን አጥባለሁ" አላት። "አምስት ደቂቃ ጠብቁኝ።"

ፖስታ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ቴሌግራም የምትልከው ተናኜ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አውርዳ፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት የጻፈውን በከንፈሯ አነበበች። "ለጅጋ ሁለት በርሜል ክሎሪን ባስቸኳይ ላኩ። የነበረው በዋና ገንዳ ባክኗል። ሁለት ሕፃናት ሞተዋል።"

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ጋሽ ዳኘው፣ 'ሞተዋል' የምትለዋን 'ታመዋል' ላድርጋት?"

"ተቀብረዋል እኮ፣ ተናኜ።"

"'ዋና ገንዳ' የምትለዋንስ? ዝም ብለን 'ባክኗል' ብንል?"

"እንዳለ ይሂድ።"

"እሺ፤ ከሥር 'የውሃ ክፍሉ' ብዬ ልዝጋው። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ስም አይጽፍም።"

ውጭ መኪናው ጡሩንባውን ነፋ። ዳኘው እስክሪብቶውን አውጥቶ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ፈረመ። ከፊርማው ሥር በጉልህ ፊደል ጻፈ፦ ዳኘው ዓለምብርሃን ገብረ ሕይወት።

"አያትህንም? ሒሳቡ በቃል ነው እኮ የሚቆጠረው" አለችው።

"ይቆጠር" አለና ወደ መኪናው ሮጠ።

ሎሚው የእንቁጣጣሽ ዕለት ደረሰ፤ አሥራ አንድ ጆንያ፤ ገበሬዎቹ በዚያ ጭቃ በጀርባቸው ተሸክመውት። ለቴሌግራሙ ግን መልስ አልመጣም።