ጾም የማያውቀው ሣር

ልጁ እየራበው፣ ማሽላ የሞላ ጆንያ ዓይኑ ሥር አስቀምጦ "ይህ ለዘር ነው" ያለ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሱዳኑ ጦርነት ሁለተኛ ክረምት፣ ራሽኑ በተቋረጠ ጊዜ፣ ምሥራቅ ሱዳን ባለው የኢትዮጵያውያን ስደተኞች መጠለያ በቱነይድባ፣ እንዲህ ያሉ ሠላሳ ቤተሰቦች ነበሩ። ረሃብ ሰውን አውሬ ያደርጋል የሚሉ ጥጋበኞች መጥተው ማየት ነበረባቸው። ዘሩን ቀቅለው ያልበሉት አሰጋሽን አምነው ነው።

አሰጋሽ መተማ ሳለች የሰብል በሽታ ባለሙያ ነበረች። አምና በመጠለያው ዋልካ አፈር ላይ የበቀለው ማሽላ ከሥሩ እየበሰበሰ ሲያልቅ፣ የዝናብ ውሃ ከሚጠራቀምበት ኩሬ አንድ የውሃ ሣር አወጣች። ሣሩ በጥቃቅን ከረጢቶቹ ነፍሳትን እያጠመደ ይበላል። በከረጢቶቹ ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች አራብታ የማሽላ ዘር ነከረችባቸው፤ በጣሳ ከዘራችው አሥር ፍሬ ዘጠኙ ቆመ። ካልተነከረው የተረፈው ሦስት ነው።

"የሰኔን ጾም የማይጾም ሣር አምጥተሽ ልታስገድፊን ነው?" ይላት ነበር አንዳርጌ፣ የደንቢያው ገበሬ።

"እሱ ይግደፍ፣ ጋሽ አንዳርጌ። እርስዎ ገንፎውን ይበላሉ።"

የሠላሳው ቤት ዘር አሰጋሽ ባክቴሪያውን ባራባችበት በርሜል ተነክሮ በተዘራ በዐሥረኛው ቀን፣ ቡቃያው እንደ አምናው ከሥሩ ጠቆረ። አሰጋሽ መቀመጥ አቃታት። ከማሳ ማሳ እየዞረች ቡቃያ እየነቀለች ሥሩን ታያለች፤ ሰው ሲያያት መንገድ ትቀይራለች። አንዳርጌ ግን ደረሰባት።

"መንከሪያው ውሃ ቆሽሾ ይሆን እንዴ?" አለችው።

"ውሃውማ ንጹሕ ነው። በመንከሪያው ዋዜማ የእርዳታ ሰዎቹ ለኮሌራ ብለው የክሎሪን እንክብል ጨመሩበት። እኔም እግዜር ይስጣችሁ ብዬ መረቅኋቸው።"

"እንክብሉ እኮ ባክቴሪያ ገዳይ ነው። ሥሩን የሚጠብቅልንን ዘበኛ ገድለው ነው ያዘሩን።"

"ታዲያ ሽታው አልከረፋሽም?"

ያን ሰሞን የሰዉ እጅ፣ ጣሳው፣ ሻዩ ሳይቀር ክሎሪን ክሎሪን ይል ነበር፤ አፍንጫዋ ለምዶታል። "ይህን በርሜል እንዳትነኩ" ብላ ግን ለእርዳታ ቢሮው አስቀድማ ደብዳቤ ጽፋለች። የእርዳታው አስተባባሪ ሙሐመድኑር ቅጂው ላይ ማኅተም አሳርፎ መልሶላታል።

በማግስቱ፣ ሰዉ ሙዲር፣ አለቃ ማለት ነው፣ የሚለው ይኸው ሙሐመድኑር፣ ሰዉን ዋርካው ሥር ሰብስቦ ወረቀት አነበበ። "የአሰጋሽ ዘዴ አልሠራም። ለእናንተ ተብሎ መጋዘን የቀረው ዘር ድንበሩ ላይ ፋሽጋ ላሉት ባለትራክተር ባለሀብቶች ይሄዳል። ኸላስ፣ አለቀ።"

የመዝሪያው ወቅት ሊያልፍ የቀረው አንድ ሳምንት ነው። አሰጋሽ ደብዳቤውን ይዛ ተነሣች።

"ሙዲር፣ ይህ ማኅተም የእርስዎ ነው?"

ጎንበስ ብሎ አየው። "የእኔ ነው። ግን በኮሌራ ጊዜ ውሃ ማከም ግዴታ ነው።"

"የመጠጥ ውሃ። ያ በርሜል የዘር ነበር፤ ያውም ቀይ ቀብቼዋለሁ። ዘዴዬ አልሠራም ብለው ሲጽፉ እንክብሉን ለምን አልጻፉትም?"

"እቴ፣ ቢሮ እንነጋገርበት።"

"ቢሮ ውስጥ የተራበ ሰው የለም። ሠላሳ ቤት ልጁን እያስራበ ያቆየውን ዘር ነው አፈር ውስጥ ያበሰበሳችሁት። የክሎሪኑ ሽታ ስላመለጠኝ የእኔን ድርሻ እዚሁ ቆሜ አምናለሁ። አሁን ተራው የእርስዎ ነው፤ በርሜሉ እንዳይነካ ማኅተም አሳርፈው ሳለ ማን አስነካው? የቀረውን ዘር ከእነዚህ ሰዎች ነጥቀው ለባለትራክተር የሚሰጡትስ በምን ጥፋታቸው ነው? ለእኔ አይንገሩኝ። ወደ እነሱ ዞር ይበሉና፣ ሁሉም እየሰማ ይመልሱ።"