የእትዬ ሽብሬ ቤት መብራት

መምህር ኪቲላ መቱ አካባቢ ባለችው ኖፓ ከተማ ለብዙ ዓመታት ፊዚክስ አስተምሯል። የኤሌክትሪክን ምዕራፍ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣለ ያስረዳ ነበር እንጂ፣ በገዛ እጁ አንድ አምፖል እንኳ አገናኝቶ አያውቅም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተማሪዎች እየሠሩ እንዲማሩ ሲል ጨነቀው። ክረምቱን መቱ ሄዶ የመብራት ዝርጋታ ሥልጠና ወሰደ።

ትምህርት ሲጀመር ተማሪዎቹ ክፍል ውስጥ በባትሪ ድንጋይ ተለማመዱ። እጃቸው ሲፈታ አቢጋኤል የምትባል ተማሪ፣ “ቲቸር፣ አሁን ደግሞ የምር የሰው ቤት መብራት እንሥራ” አለችው።

የትምህርት ቤቱ ጎረቤት እትዬ ሽብሬ ብቻቸውን ይኖራሉ። የቤታቸውን የመብራት ገመድ አይጥ በልቶት፣ የሚጠግንላቸው አጥተው በኩራዝ ያመሹ ነበር። ተማሪዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ሄደው፣ ኪቲላ ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው ላይ ካጠፋላቸው በኋላ አዲስ ገመድ ዘረጉ። እሱም እያንዳንዱን መገጣጠሚያ እየዞረ አየና ቆጣሪውን መልሶ ከፈተ።

“ቲቸር፣ እርስዎ ያብሩት” አለች አቢጋኤል።

“የሠራሽው አንቺ፣ የምታበሪውም አንቺ!”

አቢጋኤል ማብሪያውን ስትጫን መብራቱ ቦግ አለ። እትዬ ሽብሬ እልል ብለው የልጆቹን እጅ እየያዙ ሳሙ። “ገለቶማ ልጆቼ! እጃችሁ ይባረክ! እርስዎንም ጋሼ፣ ይህን ስላስተማሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ።”

“እኔም ከነሱ ጋር ነው የተማርኩት፣ እትዬ” አለ ኪቲላ።

ሲወጡ አቢጋኤልን ወደ ኋላ አስቀራት። “አንቺ ባትጀምሪው እኔ አልደፍረውም ነበር። አመሰግናለሁ።”

አቢጋኤል መምህር ሲያመሰግናት የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር። አቀርቅራ ሣቀች።