የኋላ ጎማዎቹ ንፋስ

"አባዬ፣ አስራ አራት አደረግኸው?"

አባትየው የግራው የኋላ ጎማ ሥር እንደተንበረከከ የንፋስ መለኪያውን በመዳፉ ሸፈነው። አስራ ስምንት ይላል።

"አዎ" አለ፣ ቀና ሳይል።

ሴት ልጁ ሄልሜቷን አጥልቃ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ውድድሩ ባረጀ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ላይ ነው፤ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ተነሥተው በቀጥታ ይበራሉ። ጎማው ንፋሱ ሲቀንስ አስፋልቱን ነክሶ ይይዛል፣ መኪናዋም ተወርውራ ትነሣለች። ባለፈው ግን በዚሁ በለሰለሰ ጎማ፣ መጨረሻው አካባቢ ፍጥነቷ ሲያይል፣ ጭራዋ ወዲያ ወዲህ ሲዋልል አይቷል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። የልጁ እናት ስትጠይቀው ግን "ምን ትሆናለች" እያለ ያልፋል።

ለልምምድ ተነሣች። ጎማዎቹ ባሉበት ተሽከረከሩ፤ መኪናዋ በጢስ ታፍና ዘግይታ ወጣች።

ስትመለስ ፊቷ በላብ ርሷል።

"እግሬ ነው" አለች። "ነዳጁን አብዝቼ ረገጥኩት መሰለኝ።"

"ይሆናል።"

"ዛሬ እጄም እግሬም አልታዘዝ ብሎኛል። ልተወው እንዴ አባዬ? እንዳንተ አልተፈጠርኩበትም መሰለኝ።"

ሲመኘው የከረመው ይህንኑ ነበር። "ተይው" ቢላት ያበቃል። ንጹሕ እጁን በጨርቅ እየጠራረገ መኪናዋን ዞራት፤ እንደገና ዞራት።

"እግርሽ ምንም አላጠፋም" አለ በመጨረሻ። "አስራ ስምንት ነው ያደረግኩት።"

"ዋሸኸኝ?"

"ፈርቼ ነው።"

"ፈራሁ ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔም እኮ እፈራለሁ።"

ይህን አያውቅም ነበር። ፍርሃት የሚባል ያልፈጠረባት ይመስለው ነበር።

"ታዲያ ስንት ይሁን?"

"አስራ አራት። መኪናዋ መዋለል ከጀመረች እግሬን ከነዳጁ አነሣለሁ። ይሄው ቃሌ።" ሄልሜቷን እያጠለቀች፣ "ደግሞ ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ። ጭራሽ አትችልበትም" አለችው።

ሁለቱንም ጎማ አስተነፈሰና መለኪያውን እያዞረ አሳያት። ራሷን ነቀነቀች።

አስጀማሪው ሲጠራ መኪናዋ እያጓራች ወደ መነሻው ተጠጋች። አባትየው ሁሌ ከመካኒኮቹ ጋር እዚያው ቆሞ ነበር የሚያያት። አሁን ግን መለኪያውን ኪሱ ከተተና በማኮብኮቢያው ዳር፣ ባለፈው መኪናዋ ወደዋለለችበት ወደ ማዶው ጫፍ መሮጥ ጀመረ።