በጆንያ ላይ የተሳለች እናት

አመርሌ ሸራ ስትገዛ ነጋዴ ታስመርራለች። ሐጂያ ራቢ ግን ለምደዋታል። አክራ ከተማ፣ ማኮላ ገበያ ውስጥ የድንኳንና የጭነት መኪና ሸራ የሚሸጡ ሴት ናቸው። አመርሌ ገና ከሱቁ ደጃፍ ስትታይ ሠራተኞቻቸውን ጥቅሎቹን እንዲያወርዱ ያዛሉ፣ ራሳቸው ደግሞ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ቶሎ እንደማትሄድ ያውቃሉ።

መጀመሪያ ጨርቁን ወደ በሩ ወስዳ በፀሐይ ታየዋለች። ድርና ማጉ እኩል ካልጠበቀ፣ አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው እንደ ወንፊት ብርሃን ካሳለፈ፣ ቃል ሳትናገር ትመልሰዋለች። ቀጥሎ በጥፍሯ ትፈገፍገዋለች። ነጭ ብናኝ ከረገፈ ጨርቁ የወፈረው በስታርች ነው፤ ውሃ ሲነካው ሻሽ ይሆናል። ከዚያ ጫፉን በምራቋ ታርሳለች፣ በሁለት እጇ ይዛ በአግድም ትጎትታለች፣ ደግሞ አዙራ በቁመቱ ትጎትታለች፣ ቋጠሮ ፍለጋ ዓይኗን ጨፍና በመዳፏ ትዳስሳለች።

የዚያን ቀን ከወትሮው ባሰባት። ሦስት ጥቅል አስፈትታ ሦስቱንም ስትመልስ ሐጂያ ራቢ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ባል ስታገቢ እንዲህ ብታገላብጪ ኖሮ ዛሬ ብቻሽን ባልቀረሽ።»

«ባል ሲቀደድ ዘመድ ተሰብስቦ ይሰፋዋል ሐጂያ» አለች ዓይኗን ከጨርቁ ሳትነቅል፤ «ሸራ ሲቀደድብኝ ማን ይደርስልኛል?»

ሐጂያ ራቢ ስቀው ከጓዳ ሌላ ጥቅል አስመጡላት። ወፍራም የጥጥ ሸራ ነበር፣ መልኩ እንዳልነጣ ቅቤ፣ ሲነኩት ከበድ የሚል። እሱን ወሰደች። እናቷን ልትስልበት ነው።

ይህ የሸራ ነገር እንዲሁ አልያዛትም። አባቷ አታ ቦርኬቴ የፊልም ማስታወቂያ ሠዓሊ ነበሩ። በዚያ ዘመን ጄኔሬተርና ቴሌቪዥን በፒክአፕ ጭኖ በየመንደሩ ፊልም የሚያሳይ ሰው ሁሉ ከደጅ የሚሰቅለው ትልቅ ሥዕል ይፈልግ ነበር። ሥዕሉ ካላስደነገጠ ሕዝቡ አይገባም። ሸራ ግን ከየት ይምጣ? የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አታ ቦርኬቴ ከዳቦ ጋጋሪዎች ባዶ የዱቄት ጆንያ እየገዙ፣ ፈተው፣ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍተው ይስሉ ነበር። የጆንያው ክር የሳሳ፣ ያውም የዱቄቱ ሽታ የማይለቅ። ዝናብ ያራግፈዋል፣ ሻጋታ ይበላዋል፣ ከሁለቱ የተረፈውን አይጥ ይጨርሰዋል።

አንድ ክረምት ከመንደር ተጠቅልሎ የተመለሰ ሥዕል ግቢ ውስጥ ሲዘረጉ አመርሌ አጠገባቸው ነበረች። የጀግናው ፊት ቀልጦ ሆዱ ላይ ወርዷል። አባቷ አልተቆጡም። ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ መርፌና ክር አምጪ አሏት፤ ስፌቱን ፈትተው ጨርቁን ለሌላ ሊጠቀሙበት። ሲሞቱም ለለቀስተኛ የሚታይ አንድ ሥዕላቸው እንኳ ጠፋ። ዕድሜ ልኩን ሲስል የኖረ ሰው አስከሬን ራስጌ የመታወቂያ ፎቶው ብቻ ቆመ። አመርሌ ያንን ቀን መቼም አልረሳችውም። እኔ የምስለው ከእኔ በኋላ ይቆያል ብላ የማለችው ያኔ ነው።

ታናሽ ወንድሟ ኖርቴም ሠዓሊ ነው። ቴሺ በሚባለው ሰፈር በአባታቸው ግቢ፣ እሷ በአንደኛው ጎን እሱ በሌላው፣ ትይዩ ዳስ ሠርተው ይውላሉ። እሷ ነገር ስታሰላስል እሱ ሦስት የፀጉር ቤት ማስታወቂያ ይጨርሳል። የአባቱን እጅ የወረሰ እሱ ነው፤ ፈጣን፣ ደፋር፣ አንዴ ያሰመረውን መስመር የማይደግም። ይህን እሷም ታውቃለች፣ አትናገረውም እንጂ።

እናታቸው ዓሣ በማጨስ ሁለቱን ያሳደገች ሴት ነበረች። ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። አመርሌ ሸራውን ወጥራ፣ ሙጫ አጠጥታ፣ ነጩን ቀለም ደራርባ፣ በየመሐሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጋ፣ በጋውን ሙሉ እናቷን ስትስል ከረመች። ሥዕሉ ላይ እናቷ ከጭቃው ምድጃ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፣ የዓሣ ሳፋ ጭኗ ላይ፣ አንድ ዓይኗ ከጭሱ የተነሳ ጨፈን ያለ። ጎረቤት እየገባ አየ። አንዳንዱ ሲያይ ሰላምታ ሊሰጥ ቃጣው።

ወሬው ሚስተር ዳንሶ ዘንድ ደረሰ። ሚስተር ዳንሶ በከተማው የሀብታሞች ሰፈር የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ያለው፣ ከውጭ አገር ገዢዎች ጋር የሚሠራ ሰው ነው። ሥራውንም ያውቃል። ሸራውን ከጀርባው በጣቱ መታ አድርጎ የሰጠውን ድምፅ ሰማ፣ ጠርዙን አየ፣ አክራ ውስጥ እንዲህ የተዘጋጀ ሸራ ካየ ቆየት ማለቱን ነገራት። ፊቷ በራ። ከዚያ ግን ሳል ሳል አለና፣ ይህችኑ ሥዕል በዱቄት ጆንያ ላይ ልትሠራለት ትችል እንደሆነ ጠየቃት።

መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ሳቀች።

«አልቀለድኩም ማዳም» አለ። «ገዢዎቼ የሚወዱት የድሮውን ነው። ጆንያው፣ ስፌቱ፣ የዱቄት ፋብሪካው ማኅተም ሳይቀር። ይኼን ሸራ ሲያዩ፣ እንዲህ ያለ እኛም አገር አለ ይሉኛል። ደግሞ ትንሽ የፊልም ነገር ቢጨመርበት አይከፋም። እሳት፣ እባብ፣ የመሳሰለ። አባትዎ እንደሚያደርጉት።»

«አባቴ እባብ የሳለው የእባብ ፊልም ሲመጣ ነው። ይቺ እናቴ ናት።»

«ይገባኛል።»

«በጆንያ የሳለውም ወዶ መስሎዎት? ሸራ አጥቶ ነው። አባቴ ያጣውን ነገር እኔ ሳገኘው፣ መልሼ ልጣው ነው የሚሉኝ?»

ሚስተር ዳንሶ አልተከራከረም። በጨዋነት ይቅርታ ጠየቀ፣ ሥዕሏን በስልኩ ፎቶ ላንሳ ብሎ አስፈቀደ፣ አንስቶ ወጣ። ሲወጣ በኖርቴ ዳስ በኩል ቆም ብሎ ሲያወራ አይታዋለች። ሰላም ሊለው ነው ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሐጂያ ራቢ ዘንድ ስትሄድ ሴትዮዋ አኩርፈው ጠበቋት። የልጃቸው ባል ከሚስተር ዳንሶ አዳራሽ ሥዕሏን አይቶ መጥቷል፤ ምነው ደስታሽን ደበቅሽን አሏት። አመርሌ ለሚስተር ዳንሶ ምንም እንዳልሸጠች ነገረቻቸው። ሐጂያ ራቢ ግን ስሟ ከሥር ተጽፏል አሉ፤ ዓሣ የምታጨስ ሴት ናት፣ እባብ አንገቷ ላይ የተጠመጠመ።

ሸራ ልትገዛ የያዘችውን ቦርሳ እንዳንጠለጠለች፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ አዳራሹ ሄደች። አዳራሹ ቀዝቃዛና ነጭ ነው፤ እንግዶች ብርጭቆ ይዘው ቀስ ብለው ይራመዳሉ። ሥዕሉ ዋናው ግድግዳ ላይ ነበር። ሁለት የተሰፉ ጆንያዎች፣ ጫፋቸው ሆን ተብሎ የተተለተለ፣ ያረጁ እንዲመስሉ በሻይና በጥላሸት የታሹ፣ በአንደኛው ጥግ የስንዴ ዛላ ማኅተም ጎልቶ የወጣ። መሐሉ ላይ እናቷ። ያው አቀማመጥ፣ ያው ሳፋ፣ ያው ጨፈን ያለ ዓይን። ሌላኛው ዓይን ግን ደም መስሏል፣ ከምድጃው የሚወጣው ጭስ የራስ ቅል ሆኗል፣ በአንገቷ ዙሪያ አረንጓዴ እባብ ምላሱን አውጥቶ ወደ ጆሮዋ ይጠጋል። ከሥር፣ በትልቁ፣ አመርሌ ቦርኬቴ ይላል።

ቀረብ ብላ የጣቶቹን አሳሳል አየች። አንጓዎቹ በአንድ ምት ነው የወጡት። እንዲያ የሚስል እጅ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ቀርቷል፤ ያውም ከእሷ ትይዩ ቁርሱን የሚበላ።

አልጮኸችም። ወንበር ጎትታ ወጣችና ሥዕሉን ከነዘንጉ አውርዳ መሬት ላይ ትጠቀልለው ጀመር። ጥበቃው ሮጦ መጣ። እመቤቴ ይህ የሚሸጥ ዕቃ ነው አላት።

«ከሥር የተጻፈውን አንብብ» አለችው። አነበበ። የመታወቂያ ካርዷን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ስሙን ከስሙ አስተያየና ግራ ገባው።

ሚስተር ዳንሶ ከእንግዶቹ መሐል ወጥቶ አጠገቧ ደረሰ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሐሳቡ የእሷ ስለሆነ ክብሩ ለእሷ ይሁን ብሎ ስሟን እንዳስጻፈ፣ ነገሩን ቢሮው ገብተው ቢጨርሱት እንደሚሻል ነገራት።

«ቢሮ ምን እንሠራለን?» አለች ሳትነሳ። «ሥዕሉ የእኔ ከሆነ ይዤው እሄዳለሁ። የእኔ ካልሆነ ስሜ ምን ሊያደርግ ገባ? አንዱን ይምረጡ።»

ሰዉ ዙሪያቸውን ቆሟል፤ አንዲት ወጣት ስልኳን ከፍ አድርጋ ትቀርፃለች። ሚስተር ዳንሶ ስልኩን አየ፣ አመርሌን አየ፣ ለጥበቃው በእጁ መንገድ እንዲለቅ አመለከተው። እሷም ጥቅሉን በብብቷ ይዛ ወጣች። ትሮትሮ የሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ወያላው ለዕቃሽ ቦታ የለም ቢላት ዓይኗን ብቻ አሳየችው፤ በሩን ዘጋ።

ኖርቴ ግቢ ውስጥ ኬንኬ የሚሉትን የበቆሎ ሊጥ ቅቅል በተጠበሰ ዓሣ እየበላ ሳለ ደረሰች። ጥቅሉን ከፊቱ አፈር ላይ ዘረጋችው። እጁ ሳህኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ተናገር» አለችው።

ሥራ ጠፍቶ እንደነበር፣ ሚስተር ዳንሶ ሌሎች ሥራዎችንም እሰጥሃለሁ እንዳለው፣ ስሟን የጻፈው እሱ እንዳልሆነ፣ እሱ ሥዕሉን ያስረከበው ያለ ስም እንደነበር ተናገረ። እየተናገረ ሄዶ ግን እሱም ጋለ።

«አንቺ ደግሞ እትዬ፣ ጆንያ ሲባል እንደ ነውር ታይዋለሽ። አባታችን አታ በምን ስሎ ነው ያሳደገን? እኔ ጆንያ ስዘረጋ አባቴን ነው የማየው። አንቺ ግን በእሱ ነው የምታፍሪው።»

«በእሱ አላፍርም። ጆንያውን ነው የምጠላው፤ እሱን የበላብኝን። አንድ ሥራውን አሳየኝ። አንድ። የት አለ?»

ኖርቴ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ። «እናትሽ ብቻ ደግሞ አይደለችም» አለ፤ «እኔንም ወልዳኛለች። ልስላት መብቴ ነው።»

«እውነትህን ነው፣ የሁለታችንም ናት። እባቡስ? እባቡ የማን ነው?»

ኖርቴ አንገቱን ደፋ።

አመርሌ ክብሪት ልታመጣ ገባች። ስትወጣ የእናታቸው ታላቅ እህት፣ አክስት ፎፎ፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ጆንያው ራስጌ ቆመው አገኘቻቸው። ጩኸቱን ሰምተው ከጀርባው ቤት መጥተዋል። ክብሪቱን በእጇ ሲያዩ፣ የእህቴን ፊት በዓይኔ እያየሁ አታቃጥሉም አሉ። አመርሌ ይህ እኮ ስድብ ነው ብትላቸውም ፊቷ ፊቷ ነው አሏት። የሆሞዎ በዓል ደርሷል፤ ቂም ይዛችሁ ከእኔ ማዕድ የበዓሉን ምግብ፣ ክፖክፖይን፣ አትቀምሱም አሉ ደግሞ።

«አንተ» አሉ ወደ ኖርቴ ዞረው። «ያኖርከውን አውሬ በእጅህ አንሳ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

መፋቅ አልተቻለም። ጆንያው ነጭ ቀለም ስላልተቀባ እባቡ እስከ ክሩ ድረስ ሰርጓል፤ ቢፋቅ ጨርቁ አብሮ ይቀደዳል። ስለዚህ ከላዩ መሳል ግድ ሆነ። ኖርቴ ቀለሙን በጥብጦ አፈር ላይ ተንበርክኮ፣ እባቡን በእናቱ አንገትና በሻርፗ እየሸፈነ፣ ደም የመሰለውን ዓይን እያጠራ፣ የራስ ቅሉን ወደ ጭስ እየመለሰ እስከ ማታ ድረስ ሠራ። አክስት ፎፎ በርጩማቸው ላይ ሆነው አረንጓዴ ፍንጣሪ በቀረበት ሁሉ በምርኩዛቸው ጫፍ ያሳዩታል። እዚያ ጋ፣ ከጆሮዋ ሥር። አልጠፋም፣ ድገመው። የእህቱን ስም አጥፍቶ የራሱን እንዲጽፍም አዘዙት። ጻፈ።

አመርሌ በዳሷ ምሰሶ ተደግፋ፣ ንዴቷ ሳይበርድ፣ ታያለች። እባቡ ከጠፋ በኋላ ነው ያየችው። አፏን። እሷ በጥሩው ሸራ ላይ የእናቷን ከንፈር ግጥም አድርጋ ነበር የሳለችው፣ እንደ ቻይ ሴት። እናቷ ግን እንደዚያ አልነበረችም። አንድ ነገር ልትተርብ ስትል የከንፈሯ ግራ ጫፍ ቀድሞ ይነሳ ነበር፤ መላው የዓሣ ገበያ ያንን ጫፍ ሲያይ ይሸሻል። ኖርቴ ያንን ይዞታል። በዚያ በሚበሰብስ ጨርቅ ላይ፣ ለሚስተር ዳንሶ ገዢዎች፣ እናታቸው ልትተርብ ነው።

ወደ ራሷ ሥዕል ዞረች፣ ደግሞ ወደ አፈሩ ተመለሰች። ሄዳ ወንድሟ አጠገብ ቆመች። ገና ልትሰድበኝ ነው ብሎ ትከሻውን ሰብሰብ አደረገ።

«አፏን ማን አሳየህ?» አለችው።

«ማንም። እንዲያ ነበረች።»

«እንዲህ ያለ አፍ ጆንያ ላይ ይሳላል? ሦስት ክረምት እንኳ አይቆይም፣ ታውቃለህ?» ድምፏ ከፍ አለ፤ ለእባቡ ያልጮኸችውን ጮኸች። «አይጥ ነው የሚበላው። አይጥ።»

ኖርቴ ብሩሹን ይዞ ቀና ብሎ አያት። አክስት ፎፎ፣ በእሱ ነገ ትጣላላችሁ፣ አሁን ከመጨለሙ በፊት ሥዕሉን ከአፈር ላይ አንሱልኝ አሉ። አመርሌ በአንድ ጫፍ፣ ኖርቴ በሌላው ይዘው፣ ቀለሙ እንዳይነካካ አስፍተው ዘርግተው ወደ ቤት አስገቡት።