የጠዋቱ ፈረቃ መርከብ

«አልከፈት ያለው የሰባተኛው ጋን በር ላይ እንደ ቆሙ» አሉ እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «አርባ ቁጥርን ጉልበት ከዳው። ጓደኞቹ ቢጎትቱት አልነሣ አለ። መብራቱም ድርግም አለና…»

የሾፌሩ ማሽን ጮኸ።

ቀይ መብራት በራ፤ ደሙን የሚገፋው መንኮራኩር ቀጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ ፈገግታውን ጢሙ ሥር ሸሸገና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ተራው የኔ ነው» አለ። «መብራቱ የጠፋው ሞቶ አይደለም። ተሳፋሪ ሊያወርድ ቆሞ ነው።»

«አንተ ሰው! ልገድለው አንዲት ቃል ነበር የቀረኝ!»

«ተራ ነው እማማ። ተራ ይከበር።»

በኩላሊት እጥበት ክፍሉ ውስጥ አራት ወንበር፣ አራት ማሽንና አራት ሰው አለ፤ ሥራ የፈቱት ኩላሊቶች ግን ስምንት ናቸው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ የእነዚህ ሰዎች ደም በቀጭን ቱቦ ወጥቶ፣ ማሽኑ ውስጥ ታጥቦ ይመለሳል። አራት ሰዓት ሙሉ እጅን ዘርግቶ መቀመጥ ነው። የጣሪያው ስንጥቆች ተቆጥረው ካለቁ ቆይተዋል፤ አሥራ ሰባት ናቸው።

ታሪኩን የጀመረችው የመጀመሪያው ወንበር ላይ የምትቀመጠው የፊዚክስ መምህርት ናት። ከአምስት ወር በፊት ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲቀመጥ ሰለቻትና፣ «አንዲት የጠፈር መርከብ አለች እንበል» አለች። መርከቧ ከምድር ከተነሣች መቶ ዓመት ሆኗታል። የያዘችው ውሃ ያው የጥንቱ ነው፤ ይጠጣል፣ ላብ ይሆናል፣ ይታጠቡበታል፣ ትልልቅ ጋኖች ውስጥ ተጠራቅሞ ተመልሶ ይጣራል። የሚያጣሩት ደግሞ ናኖቦቶች የሚባሉ፣ ሺህ ቢሰበሰቡ የፀጉር ጫፍ የማይሞሉ ሮቦቶች ናቸው፤ ቤታቸው ቧንቧ ውስጥ ነው። የመምህርቷ ድርሻ ይኸው ነበር። የቀረውን ያመጡት ሌሎቹ ናቸው። ሾፌሩ ሃያ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ስለሆነ ለናኖቦቶቹ መሥመርና ፌርማታ አወጣላቸው፤ ለአንዱማ የራሱን አውቶቡስ ቁጥር ሰጠው። አርባ ቁጥርን እንደ በኩር ልጁ ነው የሚሳሳለት። «ባትሪ» የሚሉት ሞባይል ጠጋኝ የሁሉንም ቻርጅ በየቀኑ ለማለቅ ጫፍ ያደርሰዋል። እማማ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ የኖሩ ናቸው፤ እሳቸው አማት፣ ኩርፊያና ሐሜት ጨመሩላቸው። መምህርቷ «ናኖቦት አማት የለውም» ብትል ማን ሰምቷት!

ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ማሽኑ የጮኸበት ሰው ታሪኩን ይረከባል። ማሽን መቼም ይጮኻል፤ ቱቦ ይጠመዘዛል፣ ግፊት ይወርዳል። ድሮ አንዱ ሲጮኽ አራቱም በያሉበት ክው ይሉ ነበር። ሕጉ ከወጣ ወዲህ ግን ማሽኑ የጮኸበት ሰው ሲኮፈስ ሦስቱ በቅናት ያዩታል። ያ ቅናት ነው እንግዲህ ጣጣ ያመጣው። ሾፌራችን አንድ ቀን ብብቱን ሲያክ፣ መርፌ የገባበትን ክንድ ማጠፍ ማሽኑን እንደሚያስጮኸው ደረሰበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብብቱ ማሳከኩን አላቆመም።

ዋና ነርሷ እየሮጠች ገባች። ማሽኑን ዝም አሰኘችውና ሾፌሩን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ደግሞ እርስዎ?»

«ምን ላድርግ ሲስተር፣ ማሽኑ ወዶኝ ነው።»

«እጅዎን ያሳዩኝ።»

ብርድ ልብሱን ገለጥ ስታደርገው ክንዱ እንደ ታጠፈ ነው። ለማቃናት አልደረሰም።

«አሳክኮኝ እኮ ነው።»

«ዛሬ ሦስት ጊዜ፣ ዓርብ አራት ጊዜ አሳክኮዎታል። ባለፈው ሳምንት ይሄ ማሽን ተበላሽቷል ብዬ ቴክኒሽያን አስመጥቻለሁ። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ዋለ። ምንም ሲያጣ እኔን ነው እንደ በሽተኛ ያየኝ።»

ባትሪ ሳቁ አመለጠው። ነርሷ ወደሱ ዞረች።

«ይሣቅ እንጂ! እጅ ሲታጠፍ ደም ይቆማል። የቆመ ደም ቱቦው ውስጥ ይረጋል። ከረጋ ይጣላል። የሚጣለው የማን ደም ነው? የኔ ነው? ደግሞስ አንድ ቀን የእማማ ማሽን የእውነት ሲጮኽ ‹እነዚያ ተረተኞች ናቸው› ብዬ ብዘገይስ?»

ባትሪ ሳቁን ዋጠ። እውነቷን ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል ተረት የለም» አለች። «እርስዎ ደግሞ ከረቡዕ ጀምሮ የከሰዓት ፈረቃ ነዎት። ቅጹን አመጣለሁ።»

«እንግዲያው አልመጣም» አለ ሾፌሩ።

«ለኔ ብለው አይደለም የሚመጡት» ብላ ወጣች።

ሾፌሩ «አልመጣም» ሲል ቀልድ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። አምና እንዲሁ ነበር ያደረገው። አንዴ ደከመኝ ይላል፣ አንዴ ዝናብ ነው ይላል፣ አንዴ ምንም ሳይል በሩን ቆልፎ ይተኛል። አንድ ቀን ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ ልጁና ሁለት ጎረቤቶች ተሸክመው አምጥተውታል። ሐኪሙ «አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ነው የተወው። መርከቧ ከተነሣች ወዲህ ግን ሾፌሩ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። እንዲያውም ልጁን «ፍጠኚ፣ ባትሪ አርባ ቁጥርን ቧንቧ ውስጥ ጥሎብኝ ነው የሄደው» እያለ ያዋክባታል።

«አልመጣም ብለህ ማንን ልትጎዳ ነው?» አሉ እማማ። «ሲስተር እንደሆነች ቤቷ ገብታ ራቷን ትበላለች።»

«ዝም ብዬ ግድግዳ ለማየት አልመጣም። ግድግዳ ቤቴም አለ።»

«ጋሼ» አለ ባትሪ፣ «እኔም ዓርብ ዕለት አንዴ አጥፌያለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተራ አልደረሰኝም ነበር እኮ።»

መምህርቷ መነጽሯን አስተካከለች። ከዚያ ደግሞ አስተካከለች።

«እኔም አንዴ» አለች ቀስ ብላ።

«ቲቸር! አንቺም?»

«ሰባተኛው ጋን ውስጥ የስበት ኃይል የለም አላችሁ። ማረም ነበረብኝ።»

«እኔ በሕይወቴ እጄን አላጠፍኩም» አሉ እማማ ኮራ ብለው። «ሳል ነው የማስል። ጠንከር አድርገው ካሳሉት ይጮኻል።»

ነርሷ ቅጹን ይዛ ስትመለስ አራቱም ሲስቁ አገኘቻቸውና በሩ ላይ ቆመች።

«ሲስተር» አሉ እማማ፣ «አራታችንም ጥፋተኞች ነን። የምታዛውሪ ከሆነ ሁላችንንም አዛውሪን።»

«ከሰዓት ያለው ባዶ ወንበር አንድ ነው፣ እማማ።»

«ተራ የምንይዝበትን መንገድ እንቀይራለን» አለች መምህርቷ። ክንዳቸው ላይ የተጠመጠመውን የግፊት መለኪያ አመለከተች። «ይሄ በየግማሽ ሰዓቱ ራሱ ይነፋል። ቀድሞ የተነፋበት ሰው ይረከብ። ማንም ሊያታልለው አይችልም፤ ማሽንም አይጮኽም።»

«ተረት የለም ብያለሁ።»

ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ቀና አለ። ክንዱን ግን እንደ ተዘረጋ ተወው።

«ሲስተር፣ እጄን ማጠፌ ጥፋት ነው። ባለጌ ነገር ነው የሠራሁት፤ ያንን ሰውዬም በከንቱ አድክሜዋለሁ፣ ይቅርታ። ሁለተኛ አላጥፈውም። አፌን ግን አልዘጋም። ያ ድምፅ አንቺን ‹ሩጪ› ነው የሚልሽ። እኛን ‹በቃችሁ› ነበር የሚለን። ይሄ ማሽን በሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት ይወስድብኛል። የምጠጣውን ውሃ በብርጭቆ ለክቶ ሰጥቶኛል። መሪዬን ወስዷል። ወሬዬን አልሰጠውም።»

ነርሷ ከያዘችው ቅጽ ሥር ሌላ ወረቀት አወጣች። ድምፅዋ ቀዝቀዝ ብሎ ነበር።

«እሺ። ሁለት ወረቀት አለኝ። አንዱ የዝውውር ነው። አንዱ ደግሞ ‹በእጥበት ሰዓት በጸጥታ እቀመጣለሁ› የሚል ነው። እሱን ከፈረሙ እዚሁ ከጓደኞችዎ ጋር ይቆያሉ። ከዚህ በላይ ማድረግ አልችልም። እኔም አለቃ አለብኝ።»

ሁለቱን ወረቀት እግሩ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ማሽኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። መርፌዎቹ ወጡ። የሾፌሩ ልጅ እንደ ወትሮዋ ከሥራ ቦታዋ አስፈቅዳ መጣች፤ የመሥሪያ ቤት ባጇ አንገቷ ላይ ነው። ደም የሚወጣበት ቦታ ላይ ፋሻውን በአውራ ጣቷ ይዛ ተጫነች። አሥር ደቂቃ ሳይለቁ መጫን ነው።

«አልመጣም ብለሃል አሉ?»

«ማነው ያሳበቀው?»

«ሲስተር ኮሪደር ላይ አገኘችኝ።» ጣቷን ጠበቅ አደረገች። «አባዬ፣ ያን ቀን አንተን ተሸክሜ ስገባ እኔ ነበርኩ የሞትኩት። አንተማ ራስህን አታውቅም ነበር። ያኛውን ወረቀት ፈርምና ዝም በል። በእናትህ! አራት ሰዓት ዝም ማለት ምን አለበት?»

«እኔ ዝም ስል እንዴት እንደምሆን አይተሻል።»

አይታለች።

ነርሷ የመጨረሻውን ክብደቱን ልትመዘግብ መጣች። ሾፌሩ የዝውውሩን ወረቀት በቀኝ እጁ አነሣውና አገላበጠው።

«ከሰዓት ያሉት ሰዎች ያወራሉ?»

«የት! በጣም ጨዋ ናቸው። ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳ ነው የሚያዞረው። ‹ደህና ዋሉ› እንኳ አይባባሉም።» ሚዛኑን አስተካከለች። «አንደኛው እንዲያውም ሁለት ቀን ቀርቷል። ስደውልለት ‹ዝናብ ነው› አለኝ።»

ሾፌሩ ወደ መስኮቱ ዞረ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከወር በላይ ጠብ ያለ ነገር የለም።

«ዝናብ ነው አለ?»

«አዎ።»

«ምን ሠርቶ ያድራል?»

«አናጢ ነበር መሰለኝ።»

«አናጢ» አለ ሾፌሩ ለራሱ። እስከ ዛሬ መርከቧ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ በር መጠገን አያውቅም ነበር። ሰባተኛው ጋን በር ላይ ስንት ሳምንት የቆሙት ለምን ሆነና!

እማማ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር፤ ጆሯቸው ግን እዚህ ነው።

«ልጄ፣ እንዳታደርገው። እዚሁ ፈርምና ተቀመጥ። በጥቅሻም ቢሆን እንጫወታለን።»

«እናንተ አንዳችሁም አልፈረማችሁም፣ እማማ። እናንተን ማን ዝም ያሰኛችኋል? ባትሪ የናንተን በድምፅ ቀድቶ ይልክልኛል፣ እኔም የኛን እልካለሁ።»

«የናንተን? የማንን?»

«የከሰዓቷን መርከብ።»

«ሁለተኛ መርከብ?» አለች መምህርቷ፤ ቦርሳዋን እየዘጋች ነበር፣ ቆመች። «በምን ነዳጅ ነው የምትሄደው?»

«እሱን አንቺ አስቢበት፣ ቲቸር።»

«አርባ ቁጥርን ይዘህብን ልትሄድ ነው?» አሉ እማማ።

«ተዛውሯል በሉ። እንዳትገድሉብኝ ብቻ።»

«አስብበታለሁ።»

ልጁ ፋሻውን አነሣች። ደሙ ቆሟል። ፕላስተሩን ለጥፋ እጅጌውን አወረደችለት፤ ዓይኗ ከፊቱ አልተነሣም።

«ትመጣለህ ማለት ነው?» አለች።

«ከሰዓት ስንት ሰዓት ነው የሚጀምሩት?»

«ስምንት» አለች ነርሷ።

«ሰባት ተኩል ላይ አድርሺኝ» አለ ለልጁ። «ሰዎቹ ወደ ግድግዳ ሳይዞሩ ነው የሚያዙት።» ወደ ነርሷ ዞረ። «የቀረው ሰውዬ የስንተኛው ወንበር ነው?»

«የሦስተኛው። ባዶው አንደኛው ነው።»

«አራተኛው ላይ ያለውን ሰው እለምነዋለሁ፣ ይቀይረኛል። እኔ ከአናጢው ጎን ነው የምቀመጠው። ስልኩንም ስጪኝ፤ ነገ ማክሰኞ እኔ እደውልለታለሁ።»

«የታካሚ ስልክ አልሰጥም። ደግሞ እዚያም ተረት የለም» አለች ነርሷ። እስክሪብቶዋን ከኪሷ አውጥታ ግን ሰጠችው።

«ሰምቻለሁ» አለና የጸጥታውን ወረቀት ገልብጦ አስቀምጦ፣ የዝውውሩን ፈረመ። «ስልኬን ልጻፍልሽና እሱ ይደውልልኝ በይው። ዝናብ አለ ወይስ የለም፣ ከሱ መስማት እፈልጋለሁ።»