ለጨለማዋ ክፍል የሚሆን ተክል

ሐጂ ዐብዱልከሪም ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ከያዛቸው ወዲህ ወደ ፎቁ መኖሪያቸው ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ፣ አራዳ ካለው የጨርቅ ሱቃቸው ጀርባ ባለችው ክፍል ነው የሚውሉት። የክፍሏ አንድ መስኮት ከጎረቤት የድንጋይ ግንብ ጋር ተፋጧል። በሌላ በኩል የዳቦ ቤቱ ምድጃ ግድግዳውን እያጋለ አየሩን ያደርቀዋል። አስተማሪዋ ልጃቸው ዐዚዛ ጠዋት አሰናድታቸው ትወጣለች፤ ስትመለስም እዚያው አልጋቸው ላይ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ታገኛቸዋለች።

ዓይናቸው የሚያርፍበት አረንጓዴ ነገር ይኑር ብላ ጽጌረዳ ገዝታ አልጋቸው አጠገብ አኖረችላቸው። በሦስት ሳምንት ረገፈ። ሌላ አመጣች፤ ያም ጠወለገ። ሦስተኛው ሲሞት ሐጂ ፊታቸውን አዞሩ።

«ተይ ልጄ፣ አታምጪ» አሏት ምላሳቸው እየተሳሰረ። «እዚህ የገባ ሁሉ መሞቱ ነው።»

ያ ቃል ከዐዚዛ ጆሮ አልወጣ አለ። ቅዳሜ የሞተውን ተክል ከነማሰሮው ባጃጅ ላይ ጭና፣ በወለቃ መንገድ ዳር ችግኝ የምትሸጥ ይመኙሽ የምትባል ሴት ዘንድ ሄደች። የክፍሉን ጨለማና ድርቀት ነገረቻት። ውኃ የምታጠጣው በሳምንት አንዴ ብቻ ስለሆነ በጥም የገደለችው እሷ ሳትሆን እንደማትቀርም ሳትደብቅ ተናገረች።

ይመኙሽ ማሰሮውን ዘቅዝቃ ሥሩን ፈተሸችው። ጠቁሯል፤ በጣቷ ስትነካው ላላ ብሎ ተበጠሰ።

«እቴ፣ ይህ በጥም አልሞተም» አለች። «ጨለማው ጎድቶታል፤ የጨረሰው ግን ውኃ ነው። ዕለት ዕለት የሚያጠጣው ሰው አለ።»

ዐዚዛ ማን እንደሆነ ገባት። በዚያ ክፍል ቀኑን ሙሉ ከአባቷ በቀር ሰው የለም።

ይመኙሽ ሁለት ተክሎች አቀረበችላት። አንደኛው ሥሩ እንደ ድንች ወፍሮ ውኃ የሚያጠራቅም ነው። ሁለተኛው ቃጫ የሚመስል፣ ሰፋፊ ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ሁለቱም ጨለማና ደረቅ አየር ይችላሉ፤ አፈራቸው እስከ ታች ካልደረቀ ግን ጠብታ ውኃ አይፈልጉም። ዐዚዛ ቃጫ መሳዩን መርጣ፣ ከታች ቀዳዳ ባለው የሸክላ ማሰሮ አስተከለችው።

ቤት ገብታ አባቷን ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው። ሐጂ ወደ ውኃ ብርጭቋቸው ጠቆሙ።

«ከምጠጣው እያካፈልኩ ነበር» አሉ። «በግራ እጄ ብርጭቆ ማንሳት አላቃተኝም። በቀን አንድ ሥራ እንኳ ይኑረኝ ብዬ ነው። ለካ የገደልኳቸው እኔ ነኝ።»

ዐዚዛ እጃቸውን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። እሷ ማንም ሳይነካው የሚኖር ተክል ስትፈልግ፣ እሳቸው የሚንከባከቡት ነገር ቸግሯቸው ኖሯል። በማግስቱ ለይመኙሽ ደውላ፣ ለዚህ ተክል ከውኃ ሌላ ምን እንደሚሠሩለት ጠየቀቻት። ይመኙሽም አቧራውን ጥረጉለት አለች፤ ቅጠሉ አቧራ ከለበሰ ያችኑ ጥቂት ብርሃን አያገኝም።

ዐዚዛ አሮጌ ፎጣ ስታቀርብ ሐጂ በጣታቸው ዳስሰው መለሱላት። ይህ ይቧጭረዋል ብለው ከሱቁ ስስ የጥጥ ጨርቅ አስቀደዱ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ እርጥብ ጨርቃቸውን ይዘው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ያብሳሉ። በቀኝ እጃቸው ቅጠሉን ሊደግፉ የሚሞክሩበትም ቀን አለ፤ አንዳንዴ ይሆንላቸዋል፣ አንዳንዴ እጃቸው ይወድቃል።

በአራተኛው ወር፣ ዐዚዛ እያስተማረች ሳለ ስልኳ ጠራ። አባቷ ናቸው። አንደበታቸው ከተያዘ ጀምሮ ለማንም ደውለው ስለማያውቁ፣ ፈጥና ወደ በረንዳው ወጣች።

«ዐዚዛ» አሉ ቃሉን እየለቀሙ፣ «ከአፈሩ አዲስ ቅጠል ብቅ ብሏል። ስትመጪ ታይዋለሽ፤ እስክትመጪ መታገሥ አቅቶኝ ነው።»

ከትምህርት በኋላ የትም ሳትቆም እንደምትመጣ ነገረቻቸው። ዓይኗን ጠርጋ ወደ ክፍል ተመለሰችና፣ የት ላይ እንዳቆመች ተማሪዎቿን ጠየቀች።